ትረካ በታብሌት፦ የካምፕ መምህራን በምን ይሠልጥኑ?

በካኩማና በዳዳብ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ታብሌት እንደ ድሮው ብርቅ አይደለም። የቮዳፎን ፋውንዴሽን ከዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2013 በዳዳብ የጀመረው ፕሮግራም ላፕቶፕ፣ ታብሌት፣ ፕሮጀክተር፣ ድምፅ ማጉያና የኢንተርኔት መሣሪያ አንድ ላይ አድርጎ ወደ ክፍል አስገብቷል። በኋላም ወደ ካኩማና ከኬንያ ውጭ ወዳሉ ካምፖች ደርሷል። ልጆቹ መነካካቱን ለመልመድ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ጊዜ የሚፈጀው የአስተማሪው ጉዳይ ነው። ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ታብሌቱ ተከፋፍሎ፣ ክፍሉ ሙሉ ልጅ «ቲቸር! ቲቸር!» እያለ ሲጮህ አስተማሪው ምን ያድርግ?

በዓለም ላይ ለመምህራን ከሚሰጡት የኮምፒውተር ሥልጠናዎች ሁለቱን ዛሬ በዚህ ገጽ እናነሳለን። አንዱ «ዲጂታል ስቶሪቴሊንግ» የሚባለው ነው። ሌላው «ቨርቹዋል ወርልድ» ነው፤ ይኸውም በኮምፒውተር ውስጥ የተሠራ፣ ሰው ገብቶ የሚዘዋወርበት ዓለም ማለት ነው። ስማቸው ሲሰማ ከካምፕ ሕይወት የራቁ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ግን ከምናስበው በላይ ቅርብ ነው። ሁለተኛውም ቢሆን መላ አይጠፋለትም።

ዲጂታል ስቶሪቴሊንግ አንድ ሰው በገዛ ድምፁ የሚተርከው፣ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ የሚወስድ፣ በፎቶግራፍ ወይም በእጅ ሥዕል የታጀበ አጭር ታሪክ ነው። ካሜራ ተሸክሞ መሮጥ የለበትም። «ዲጂታል ተረት» የሚሉትም አሉ። እንዲያ ካልን ግን ሰሚው ፈጠራ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የደረሰ ነገር ስለሆነ «ዲጂታል ትረካ» ብንለው ይሻላል።

ሥራው የተጀመረው በአሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ዳና አችሊ፣ ጆ ላምበርትና ኒና ሙለን አንድ ማዕከል ከፈቱ፤ ማዕከሉ ዛሬ ስቶሪሴንተር ይባላል። ዓላማቸው ካሜራም ኮምፒውተርም የማያውቅ ተራ ሰው በጥቂት ቀን ሥልጠና የራሱን ታሪክ ሠርቶ እንዲወጣ ማድረግ ነበር። ቢቢሲም ከ2001 እስከ 2008 በዌልስ ከተማና ገጠር እየዞረ ጡረተኛውን፣ ገበሬውን፣ ተማሪውን እንዲሁ አሠልጥኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሥልጠናው መጀመሪያ ኮምፒውተር ሳይነካ ያልፋል። ሰዎቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና እያንዳንዱ ሊተርክ ያሰበውን ይናገራል። ሌላው ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ «ይኼ አልገባኝም» ይላል። «የታሪክ ክብ» ይሉታል። እኛ ቤት ቡና ሲፈላ የሚሆነው ነው እንግዲህ። በአቦል የተጀመረ ወሬ ጎረቤት እየጠየቀበት በረካ ላይ ሲደርስ ቅርጽ ይዞ ይገኛል። ከክቡ በኋላ ተራኪው ታሪኩን ይጽፈዋል፤ ከ250 ቃል እንዳይበልጥ ይመከራል። ከዚያ በድምፅ ያነበዋል፣ ሥዕል ይመርጥለታል፣ ያያይዘዋል። ማሽኑ የሚመጣው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያደጋችሁ አባባ ተስፋዬን ታስታውሳላችሁ። ተስፋዬ ሳህሉ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ብዙ ዕቃ አላስፈለጋቸውም። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበሩ። ከባለቤታቸው ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ፕሮግራም ሲጀምሩ ስቱዲዮው የራሳቸው ሳሎን ነበር። ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔም ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2006 በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ በ2008 ጀርመን አገር የፕሪ ዠኔስ ሽልማት አገኘ። ልጆች ምን እንደሚያስቃቸውና ምን ላይ እንደሚያዛጉ ክፍል ውስጥ ቆሞ ያየ ሰው የሠራው መሆኑ ያስታውቃል።

ተቃራኒውንም የምናውቀው እዚያው አገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ «ፕላዝማ»ን አትረሱትም። ትምህርቱ በሳተላይት ይለቀቃል፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ይወስዳል። ለአስተማሪው የሚተርፈው መጀመሪያ ላይ ለማስተዋወቅ፣ መጨረሻ ላይ ለማጠቃለል የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ናት። ፕላዝማው አይቆምም፣ አይጠብቅም፣ «አልገባኝም» ቢሉት አይሰማም። መብራት የሄደ ቀን ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። በቂ መምህር ለሌለበት አገር የታሰበ መፍትሔ ነበር፤ ክፉ አሳብ አልነበረም። ነገር ግን ስንቱ አስተማሪ በገዛ ክፍሉ እንደ ተመልካች ቆሞ ቀረ!

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» በተባለው ዕቅድ ወደ 5,000 የሚሆኑ ትንንሽ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታደሉ። ልጆቹ ወደዷቸው። አስተማሪዎቹ ግን እንዴት ከትምህርቱ ጋር እንደሚያገናኙት በቅጡ ስላልሠለጠኑ፣ ላፕቶፑ በብዙ ክፍል እንደ ረብሻ ተቆጠረ። በ2012 ያው ድርጅት ወደ ሁለት የኦሮሚያ መንደሮች፣ ወደ ወንጪና ወደ ወለንጪቲ፣ ታብሌት ያለ አስተማሪ አስገባ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት ልጆቹ ማንም ሳያሳያቸው ከፍተው ሠሩበት፤ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ እንኳ ራሳቸው ከፈቱት። እናምናለን፤ የኛም ልጆች ያደርጉታል። ካሜራውን ከከፈቱ በኋላ ምን ይናገሩበት የሚለው ግን ካሜራ በመክፈት አይፈታም።

መቶ ልጅና አንድ ስልክ

በካምፕ የታችኞቹ ክፍሎች ከመቶ በላይ ተማሪ የሚታጨቅበት ጊዜ አለ። በዚህ ላይ አቧራው አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ ሶላሩ ደመና ሲሆን ይደክማል። ታዲያ እንዴት ይቻላል?

ሁሉም ልጅ በአንድ ሳምንት አይተርክም። ክፍሉ በአሥር በአሥር ይከፈላል፤ በየሳምንቱ አንድ ቡድን ተራ ይደርሰዋል። አንዱ ልጅ ሲተርክ የቀሩት ዘጠኙ ሥዕሉን ይሥላሉ። እናትየውን የሚሥል፣ ፍየሏን የሚሥል፣ የውኃ ቧንቧውን ሰልፍ የሚሥል ይከፋፈላሉ። ወረቀቱ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ፣ ጥላ ሳያርፍበት በስልክ ፎቶ ይነሳል። ሥዕል ከፎቶግራፍ የሚመረጥበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ከባዱ ድምፁ ነው። የቆርቆሮ ክፍል ያስተጋባል፣ ሲሞቅ ይንጫጫል፣ ንፋሱም አያስቀምጥ። ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚያደርጉትን እንንገራችሁ፦ ልጁንና ስልኩን ብርድ ልብስ ያለብሷቸዋል! ብርድ ልብሱ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ይያዛል፤ ሌሎቹ ልጆች ለሁለት ደቂቃ ዝም ይላሉ። ዝም ማለቱን እንደ ጨዋታ ካስለመዳችኋቸው ከምትገምቱት በላይ ይችሉበታል። ድምፁንና ሥዕሉን የሚያያይዙ ነፃ ፕሮግራሞች በማንኛውም መካከለኛ ስልክ ላይ ይሠራሉ፤ አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት የማይፈልጉም አሉ።

የቋንቋው ጥቅም ራሱን የቻለ ነው። ልጆቻችን የሚማሩት በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት፣ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ጥሩ አድርጋ የምታወራ ልጅ እንግሊዝኛ ሲሆን አንገቷን ትደፋለች። በትረካው ግን በአፍ መፍቻዋ ትናገራለች፤ የቡድኑ ልጆች ከሥር የሚነበበውን እንግሊዝኛ አብረው ይጽፉላታል። ያንን ለመጻፍ የሚደረገው ክርክር ከብዙ የሰዋስው ልምምድ ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም። አስተማሪው ርእሰ መምህሩን ማሳመን ካስፈለገውም መልስ አለው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በአገር አቀፍ ደረጃ ያስገባችው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከሰባቱ ዋና ዋና ችሎታዎች አንዱ ዲጂታል ዕውቀት መሆኑን ይደነግጋል።

ከዚህ ቀለል ያለ የሚፈልግም አለ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ ባለ ሥዕል የልጆች መጻሕፍትን በነፃ ይሰጣል። የአካባቢያችን ባለቤቶች ቋንቋ ቱርካናም አለበት። አስተማሪው ካሉት ሥዕሎች መርጦ የራሱን ክፍል ታሪክ መጽሐፍ ማድረግ ይችላል።

ሦስት ቀንና አንድ ሰርተፊኬት

አሁን ወደ ሥልጠናው እንምጣ። የለመድነው ዓይነት እንዲህ ነው፦ ሦስት ቀን አዳራሽ፣ ሻይ በማንዳዚ፣ ብዙ ስላይድ፣ በመጨረሻው ቀን ሰርተፊኬትና የጋራ ፎቶ። ሰኞ ጠዋት አስተማሪው ክፍሉ ሲገባ ላፕቶፕ የለም፣ አሠልጣኙም ወደ ናይሮቢ ተመልሷል። አብዛኞቹ የካምፕ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ራሳቸው ስደተኞች ናቸው። ብዙዎቹ የመምህራን ኮሌጅ ሳይገቡ ከሁለተኛ ደረጃ ቀጥታ ጠመኔ የያዙ ናቸው። የሚከፈላቸውም ደሞዝ ሳይሆን ኢንሴንቲቭ ነው፤ አጠገባቸው ቆሞ ያንኑ ክፍል ከሚያስተምረው ኬንያዊ መምህር ጋር አይወዳደርም። ይህን ሳያነሱ ስለ መምህራን ሥልጠና መጻፍ ደስ አይልም።

ሌላ መንገድ መኖሩ ግን እዚሁ ካኩማ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ከአጋሮቹ ጋር «መምህራን ለመምህራን» የሚል ፕሮጀክት እዚህ ጀምሮ ነበር። ሥልጠናው ሦስት እግር ነበረው። አንደኛው የክፍል ሥልጠና ነው። ሁለተኛው መምህራኑ እርስ በርስ ክፍል እየገቡ የሚተያዩበትና የሚመካከሩበት ነበር። ሦስተኛው በውጭ አገር ካሉ ልምድ ያላቸው መምህራን ጋር ለወራት በዋትስአፕ መገናኘት ነው። ከሥልጠናው በኋላ አስተማሪው ብቻውን አልቀረም። ዛሬ ችግር የገጠመው ዛሬውኑ ይጠይቃል፤ የጎረቤት ትምህርት ቤቱ መምህር «እኔ እንዲህ አደረግሁ» ይለዋል። ዳዳብ ላይም የካናዳና የኬንያ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለስደተኛ መምህራን በጎን እየሠሩ የሚማሩትን የዲፕሎማና የዲግሪ ትምህርት ከፍተው ነበር። ይህ ደግሞ በወረቀትነቱም የሚቆጠር ነው።

የዲጂታል ትረካ ሥልጠና በዚህ መልክ ቢሰጥ ምን ይጨመርበት ለሚል፣ በእኛ አስተያየት አንድ ግዴታ አለ። አስተማሪው ተማሪዎቹን ከማስተረኩ በፊት የራሱን ታሪክ ተርኮ፣ ቀድቶ፣ ለባልደረቦቹ ያሳይ። ክቡ ውስጥ ተቀምጦ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ያልሰማ ሰው፣ የአሥር ዓመት ልጅ ላይ ስልክ ደግኖ «በል አውራ» ማለት ምን ያህል እንደሆነ አያውቀውም። አስተማሪውም እኮ ተሰዶ የመጣ ነው።

ሰው ገብቶ የሚዘዋወርበት ዓለም

ቨርቹዋል ወርልድ ሲባል ብዙ የተወራለት ሰከንድ ላይፍ ነው። ሊንደን ላብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ከፈተው። ሰው የራሱን አምሳያ ሠርቶ ይገባል፣ ይራመዳል፣ ከሌሎች ጋር ይነጋገራል፣ ቤት ይሠራል። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች «ደሴት» እየገዙ መማሪያ አዳራሽ ሠሩበት፤ መምህራንም በብዛት ሠለጠኑ። በ2010 መጨረሻ ኩባንያው ለትምህርት ተቋማት ይሰጥ የነበረውን የዋጋ ቅናሽ አነሳ፤ ለታዳጊዎች የተለየውንም ክፍል ዘጋ። ቅናሹን በ2013 ቢመልሰውም ብዙዎቹ ሄደው ነበር። ጉግልም በ2015 ያወጣው፣ ተማሪዎችን በካርቶን መነጽር ሩቅ አገር «የሚያስጎበኘው» ፕሮግራም በ2021 ተዘግቷል። ስለዚህ አንድ መምህር በአንድ ኩባንያ ዕቃ ላይ ብቻ ከሠለጠነ፣ ኩባንያው በሩን ሲዘጋ ሥልጠናው አብሮ ይዘጋል።

ለእኛ የሚሆነው ሌላ ነው። ማይንክራፍትን ወጣቶቹ ያውቁታል፤ በኩብ በኩብ እየደረደሩ ቤት፣ ተራራ፣ ከተማ የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የሆነው ዩ.ኤን. ሀቢታት ከጨዋታው ባለቤት ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 «ብሎክ ባይ ብሎክ» የሚባል ሥራ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዷ ናይሮቢ ውስጥ ያለችው ኪቤራ ናት። ሰፈሩ በኮምፒውተር ውስጥ ተሠርቶ ይቀርባል። ነዋሪዎቹ፣ ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁትም ጭምር፣ ለሁለት ለሦስት ሆነው አንድ ማሽን ላይ ይቀመጣሉ። «መብራቱ እዚህ ይሁን፣ መቀመጫው እዚያ፣ የልጆች መጫወቻው ከመንገዱ ይራቅ» እያሉ ያስተካክላሉ። ከዚያ የሠሩትን ለባለሥልጣናት አቅርበው ይከራከሩበታል። እውነተኛው የሕዝብ ቦታም ከዚህ ተነስቶ ይሠራል።

ይህን ለአንድ የካኩማ ስድስተኛ ክፍል አስቡት። የልጆቹ ሥራ የገዛ ብሎካቸውን መሥራት ይሁን። ከቤት እስከ ቧንቧ ስንት እርምጃ ነው? ሽንት ቤቱ ከቧንቧው ምን ያህል ይርቃል? ላጋው ሲሞላ ውኃው በየት በኩል ይገባል፣ ትምህርት ቤቱስ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ነው ወይ? እርምጃ ቆጥሮ በኩብ ለመሥራት ልኬት ይጠይቃል፣ ማካፈል ይጠይቃል፣ ካርታ ማንበብ ይጠይቃል። ሒሳቡም ጂኦግራፊውም እዚያው ውስጥ አለ። ማይንክራፍት ገንዘብ ይጠይቃል። እሱን የሚመስል፣ ቀድሞ ማይንቴስት ይባል የነበረና ከ2024 ጀምሮ ሉዋንቲ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ግን አለ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ በሽቦ ወይም በትንሽ ራውተር ከተያያዙ ኢንተርኔት ሳይኖር ብዙ ልጅ አንድ ዓለም ውስጥ ይገባል። ያም ከሌለ ባለ አራት ማዕዘን የሒሳብ ደብተር አለ። አንዱ ካሬ አሥር እርምጃ ይሁን ተብሎ ይሠራበታል። ቀልድ አይደለም፤ ማሽኑ የመጣ ዕለት ሥራው ተጠናቆ ይጠብቀዋል።

ታሪኩ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታት ዮርዳኖስ ውስጥ በሚገኘው የዛታሪ ካምፕ ስለምትኖር የ12 ዓመት ሶርያዊት ልጅ አጭር ፊልም አሳየ። «ደመና በሲድራ ላይ» ይባላል። የሚታየው በመነጽር ነው፤ ተመልካቹ ጭንቅላቱን ባዞረበት ሁሉ ካምፑ ይታየዋል፣ ልጆቹ መሀል የቆመ ይመስለዋል። የመጀመሪያ ተመልካቾቹ ስዊዘርላንድ ዳቮስ የተሰበሰቡ የዓለም ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች ነበሩ። ለእርዳታ ማሰባሰቢያም ውሏል። ጥሩ ፊልም ነው። ይሁንና ካሜራውን ያቆመው፣ የቆረጠው፣ ለማን ይታይ ያለው ከውጭ የመጣ ሰው ነው። በክፍል ውስጥ የምንለው ትረካ ከዚህ የሚለየው ልጁ ራሱ ቆራጭ ስለሚሆን ነው። እንዲያ ካልሆነ ለውጥ የለውም።

በካምፕ ደግሞ ነገሩ ከሌላ ቦታ ይልቅ ይከብዳል። እዚህ ያለ ሰው ታሪክ ከኬዙ ጋር የተያያዘ ነው። የልጅ ፊት፣ ድምፅ፣ የብሎክ ቁጥር፣ አባቱ ከየት ወረዳ በምን ምክንያት እንደወጣ፣ ሁሉም በአንድ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ቪዲዮው አንዴ ዋትስአፕ ላይ ከወጣ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። አገር ቤት የቀረ ዘመድ አለ፤ ካምፑ ውስጥም የሚፈሩት ሰው ያለበት ቤተሰብ አለ። ሥዕል ከፎቶግራፍ ይሻላል ያልነው ለዚህ ነው። ስም ይቀየር፣ የቦታ ስም ይውጣ፣ ካስፈለገ ጓደኛው ያንብብለት። ስቶሪሴንተር ያወጣው የተራኪዎች መብት ዝርዝርም ይህንኑ ይላል፦ ተራኪው ልተርክ አልተርክ የማለት፣ ፊቱና ቦታው እንዳይታይ የመምረጥ፣ ማን እንደሚያየው የማወቅ መብት አለው። ለልጅ ሲሆን የወላጅ ፈቃድ ይጨመራል፤ ወላጅ «እሺ» ብሎ ልጁ «እምቢ» ካለ ግን ያው እምቢ ነው።

ማንም በግልጽ የማይናገረው ሌላ ነገርም አለ። «የሚያሳዝን ታሪክ የተናገረ ቶሎ ሪሴትልመንት ያገኛል» የሚል ወሬ በየቡና ቤቱ አለ። ይህ ወሬ ባለበት ቦታ የልጆች ትረካ ሲጀመር አንዳንድ ወላጅ ልጁን ያሰለጥናል፤ ልጁም ያልደረሰበትን ይጨምራል ወይም የደረሰበትን ሳይፈልግ ይናገራል። አስተማሪው ከመጀመሪያው ቀን፣ ወላጆች ባሉበት፣ «ይህ የክፍል ሥራ ነው፤ ወደ ኬዝ አይገባም፣ ለኬዝም አይረዳም» ብሎ ቁርጥ አድርጎ ይናገር።

የሚጠየቀውም ጥያቄ ይመረጥ። «ከአገርህ እንዴት ወጣህ?» ለአሥር ዓመት ልጅ የክፍል ጥያቄ አይደለም። «እንጀራ መጋገር ያስተማረሽ ማነው?»፣ «ቤታችሁ ውስጥ ከሁሉ የቆየው ዕቃ ምንድነው?»፣ «በጣም የሳቅክበት ቀን የቱ ነው?» ቢባል ልጁ ራሱ ከፈለገ ወደ ከባዱ ይሄዳል፤ ካልፈለገ ስለ ምጣድና ስለ ፍየል ያወራል። ሁለቱም ጥሩ ትረካ ይወጣዋል። ልጅ ካለቀሰ ስልኩ ይጠፋል። አስተማሪው አይመረምርም፣ አይመክርም፣ አጠገቡ ይቀመጣል፤ በኋላ ለሕፃናት ጥበቃ ክፍል ማንን እንደሚያናግር አስቀድሞ ያውቃል። በቀውስ ቦታ ለሚያስተምሩ መምህራን በዓለም አቀፍ ደረጃ የተዘጋጀው የሥልጠና ጥራዝ አራት ክፍል አለው፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ ስለ ሕፃናት ጥበቃ ነው። የዲጂታል ትረካ ሥልጠና ይህን ክፍል ካልጨመረ ባይሰጥ ይሻላል።

የሚቀረው የሜሞሪ ካርዱ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ጊዜ ትረካው የሚቀዳው በአስተማሪው የግል ስልክ ነው። የካምፕ አስተማሪ ደግሞ አይረጋም፤ አንዱ የተሻለ ኢንሴንቲቭ ወዳለበት ኤን.ጂ.ኦ ይሄዳል፣ አንዱ በረራ ይወጣለታል። ስልኩ ይሸጣል፣ ይሰረቃል፣ ለወንድም ይሰጣል። የመቶ ልጅ ድምፅ አብሮ ይሄዳል። የፈተና ወረቀት በቁልፍ እንደሚቀመጥ ሁሉ ትረካውም ወደ ትምህርት ቤቱ ካርድ ተገልብጦ ከስልኩ ይጥፋ። ካርዱን ማን እንደወሰደው የሚጻፍበት ደብተር ይኑር፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ለልጁ ቤተሰብ ይሰጥ። ልጁ ከዓመት በኋላ «አጥፉልኝ» ቢል የሚያጠፋው ሰው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ይታወቅ። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን የሚጠይቅ ወላጅ አይጠፋምና፣ ሥልጠናውን የሚያዘጋጁት ክፍሎች ለአስተማሪው መልሱን አስይዘው ይላኩት።